የኋላ ኋላ

በጥር ነው የመጣው፤ ወይኑ ሊደርስ ወር ሲቀረው፣
ከአንዲስ ጀርባ የተነሣ ዳመና ፀሐይን ሲሰውረው።
ዘጠኝ ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ እንቁላል የሚያህል በረዶ
የሜንዶዛን ዛላ ሁሉ ጥሎት ሄደ እንደ ተወቃ ነዶ።

ከጓሮ የቆመችውን የአባቴን ፔጆም አልማራት፤
የኋላ መስታወቷን እንደ ጨው ፈረካከሰባት።
ጠረግሁ፣ አራገፍሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ከወንበሩ ስፌት
አንድ አንድ ጠጠር ይወጣል፣ ቀሚሴን ይዞ፣ በድንገት።
ኢንሹራንሱ «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ሸኘኝ በትሕትና፤
እግዜር ቢሮ የለው፣ ደረሰኝ አይቆርጥ፤ ዝም አልኩና

ሁለት ወር በላስቲክና በስኮች ነዳኋት።
ላስቲኩ ሲነፋ፣ ሲሟሽሽ፣ እንደ ታማሚ ሳንባ
ከጀርባዬ ይተነፍሳል ከተማ ስገባ።
በስፖኪዮ የሚታየኝ ወተት የመሰለ ጭጋግ ብቻ።
ጎረቤቴ «ምን ቸገረሽ» ይላል፣ «ሰው የሚነዳው ወደ ፊት!»
እሱ ወደ ኋላ ነድቶ አያውቅም፣ በጠባብ ቅያስ፣ በሌሊት።

ዶን ባልታሳር፣ የአሮጌ መኪና አራጁ፣
ከሞተች ፔጆ ነቅሎ አንድ ደህና መስታወት አወጣልኝ በእጁ።
ጥጉ ላይ የባላንጣችን ክለብ ልጥፍ አለ፣ አልለቅ ያለ፤
«እሱን ስለምትሸከሚ ቀንሼልሻለሁ» አለ።
ከዚያ ጎማውን አቀበለኝና፦ «ይኼ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤
አንድ ከውጭ የሚገፋ፣ አንድ ከውስጥ የሚስብ። ብቻሽን ይሰበርብሻል።»

ሁለት ሰው።
ከእኔ ሌላ ያቺን መኪና የሚያውቃት ሳቱርኒኖ ነው፣
ወንድሜ። ቁልፏ እኔ ዘንድ፣ ሊብሬዋ እሱ ዘንድ ነው፤
አባታችን ሲሞት እንዲያ ተካፈልናት።
የታችኛውን ማሳ ለሆቴል ሠሪዎች ከሸጠ ወዲህ ግን
ሦስት መከር አለፈ፣ በአንድ አጥር ሁለት ዝምታ ስንሆን።

ደወልኩ። «መስታወት» አልኩት። ዝም አለ።
«የፔጆዋ።»
«ሲባጎ አለሽ?»

እሁድ መጣ። ሰላምታ የለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤
የማቴ ፔርሙሱን ግንቡ ላይ አኖረ፤ አልጋበዘኝም።
የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ አረጠበ፤
ሲባጎ በቦዩ አግብቶ መስታወቱን ዙሪያ ከበበ።

እኔ ከውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ የሲባጎውን ጫፍ ይዤ፤
እሱ ከውጭ፣ መዳፎቹ መስታወቱ ላይ። አየኋቸው ፈዝዤ፤
የአባታችን ጣቶች ናቸው። መቼ እንዲህ አረጁ?
«ሳቢ!» ይላል። ድምፁ ታፍኖ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል።
እስባለሁ። የጎማው ከንፈር እየተገለበጠ ብረቱን ይውጣል።
«ቀስ!» ቀስ እላለሁ። «አሁን!» እስባለሁ፣ ስንዝር በስንዝር።

ሲባጎው የመጨረሻው ጥግ ላይ ቆመ፤ አልሄድ አለ።
ያኔ ሳቱርኒኖ፣ ግንባሩን አስጠግቶ፣ አንድ ነገር አለ።
ረጅም ነገር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
እስትንፋሱ መስታወቱን አላበው፤ ምንም ግን አልሰማሁ።
ሥራችን አምሮ ነበር፤ ድምፅ አያስገባም።
«ምን?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤
«ሳቢ» አለኝ በእጁ።
ሳብኩ። ጧ! ብሎ ገባ።

ስወጣ ያለውን አልደገመም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
ልጥፉን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር፣ ጥርሱን ነክሶ፤
አንዷ ጠርዝ ብትነሣለት ሌላዋ እምቢ ብላ።
«ይቅር» አልኩት።
ጥፍሩ እዚያው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።
ስለ ልጥፉ ነው ያልኩት። ይመስለኛል።

ሞተሩን አስነሣሁ። ሁለት ወር ያላየሁት ኋላ
በስፖኪዮ ሞልቶ መጣ፦ አጥሩ፣ የታችኛው ማሳ፣
የሆቴሉ ሰማያዊ መዋኛ፣ የወደቀው መሰላል፤
በጥጉ ደግሞ እሱ፣ የጠላት ክለብ ዓርማ ልክ ደረቱ ላይ አርፎ፣
ሁለት እጁን ወደ ራሱ እያጠፈ፦
«ነይ... ነይ... ነይ...
በቃ።»