ስም ጥሪ

ሰሌዳው ዛሬም «ዓርብ» ይላል፤
ጽሕፈቱ የእኔው ነው፣ ያስታውቃል፤
ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ፣
የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ባዶ፤ አልጨረስንም እኛ።
«መልሱን ሰኞ» ብዬ ነበር ደወሉ ሲደወል፤
ሰኞ ግን ሃያ ሁለት ወር ቆየች፣ መንገድ ላይ ስታድር ስትውል።

ሲስተር ናካንዋጊ ቁልፉን ዘይት ቀባች፣
አዞረች፣ ተሳለች፣ ደግማ አዞረች፤
በሩ ሲከፈት የተቀበለን የዶሮ ሽታ ነው፤
ደመወዝ ቢጠፋ፣ ክፍሉን ለጫጩት ነጋዴ ነበር ያከራየነው።
ቅድስት ሞኒካ ከነመቆሚያዋ ጥግ ይዛ፣
ትከሻዋ ላይ ላባ፣ እግሯ ሥር ጥሬ፣
ከተማሪ ሁሉ ቀድማ ተገኝታለች ዛሬ።

እኔ፣ የሒሳብ መምህሩ ሴሞጌሬሬ፣
ከማሳካ ወዲያ፣ ደንገል የበዛበት ረግረግ ዳር ከርሜ፣
ጭቃ ስረግጥ ውዬ፣ ጡብ ስቆጥር በሕልሜ፣
መዳፌ ጠጥሮ መጣሁ።
በመጀመሪያው ቀን ጠመኔው በጣቴ መሃል ተሰበረ፤
ሁለተኛውም ተሰበረ፤
ልጆቹ ሳቁ። ትምህርት ያኔ ተጀመረ።

መዝገቡን ገለጥኩ፤ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፤
አርባ ስምንቱ ስም ግን ከነቀለሙ ተርፏል።
«ሙካላዚ!»
«አቤት!» ማነው ይሄ ጎርናና?
ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ሸሽቶ፣ ወደ ታች ይጎትተዋል ገና።
«ናቡዋሚ!»
«አለሁ» አለች፣ ከደጃፉ ሳትገባ፤
ጀርባዋ ላይ በቢጫ ጨርቅ የታዘለ ሕፃን ያዛጋል፤
ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ የሚያባርራትን ሰው ይጠብቃል።
ሲስተር ከኋላዬ «ግቢ» አለቻት፣ «ደብተርሽን ይዘሽ፤
ለእሱ ክፍያ አንጠይቅም፣ ፊደል አልቆጠረም ገና ልጅሽ።»
ማማ ቴዎፒስታ ከወጥ ቤት፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች፤
ሕፃኑን ተቀብላ ጃክፍሩቱ ሥር፣
ባቄላ ከምትለቅምበት ምንጣፍ ላይ አስቀመጠች።

«ሴኪቶ!» ዝም።
«ሐይቅ ላይ ነው መምህር፣ መረብ ይጎትታል።»
«ናሉቦዋ!» ዝም።
«ተድራለች» አለ አንዱ፤ ሌላው «ከተማ ገብታለች» ብሏል።
የሲስተር ጋውዴንሲያን ወንበር ማንም አልሳበውም፤
ሳሉ በአራት ቀን ወሰዳት፤
መነጽሯን ከመሳቢያው እስካሁን ማንም አላነሳውም።
ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ።
ቀዩን እስክሪብቶ ከደንኩ፤
የሌሉትን አልሰረዝኩ።

ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ሌላ ዝናብ መጣ፤
የጎረቤት መንደር ልጅ ሁሉ ወደኛ ዳገት ወጣ፤
በአንድ ዴስክ አምስት ሆኑ፤
አንደኛ ክፍል ዛፍ ሥር ተማረ፣ ቦታ ስላጣ።
እኔ አራት ሺህ ጡብ ነበረኝ፣ ገዢ ያጣ፣ ሣር የበቀለበት፤
«አምጣው» አለች ሲስተር፤ ሌላ ቃል አልጨመረችበት።
ጠዋት ጠዋት ልጆቹ አንዳንድ ጡብ ተሸክመው፣
ዘንባባው ሸክላ የሆነበት ሆሳዕና መስለው፣
ቀይ አቧራ በቅንድባቸው፣ ዳገቱን ተያያዙት፤
ግንበኞቹ በሁለት ተርም ከጣሪያ አደረሱት።

ናቡዋሚ ፈተናዋን አለፈች። ልጇ አሁን ይሮጣል።
አንዱ ጡብ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ፣ ሳይደርቅ የነካሁት፤
ትንሿን ጣቱን ይከትበታል፤ ስንቴ እዚያው አገኘሁት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ
በመስኮቱ ብቅ አለ፣ ልብሱ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ።
«መምህር፣ የዚያች ዓርብ መልስ ስንት ነበር?»
ጠመኔ ሰጠሁት።
ሰባት ስምንተኛ ብሎ ጻፈ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የእኔም።
«የጎደለችዋስ?» አለ። አልመለስኩም።

ከአዲሱ መዝገብ በፊት፣ በየጠዋቱ፣
ከአሮጌው ጥቂት ስም እጠራለሁ፤ አዲሶቹም ለምደውታል።
«ሴኪቶ!»
«አቤት!»
«ናሉቦዋ!»
ክፍሉ ዝም አለ።
በልቤ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም።