ገጽ አርባ አንድ

ከቢስቲማ ወዲህ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣
ማሽላው መካከል አንድ ቤት አለች ዝቅ።
ሞተር ሳይክል ታክሲው፣ ካሜራዬን ይዞ፣
እኔን ከነትሪፖድ እንደ ጭነት አግዞ፣
እዚያ አወረደኝ፤
እመት ጦይባ ወጡ፣ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።
«ኪታቡን ልትወስድ ነው?» «ኧረ ምስሉን ብቻ።»
«ምስል ለሚወስድ ሰው ምን ያረጋል ስልቻ?»

በፍየል ሌጦ ታስሮ ከቆጡ ወረደ፤
ሽታው ቀድሞት መጣ፣ ቤቱ ሁሉ አወደ፦
ቅቤና የአይጥ ሽንት፣ ጪስና ጥቀርሻ፣
የስንት ክረምት እርጥበት፣ የስንት አውራ ጣት ቆሻሻ።
ቅጼ ላይ ለሽታ የሚሆን ሳጥን የለም፤
ቁመት አለ፣ ወርድ አለ፣ ብዛት አለ፣ ቀለም።

«ባለቤቱ ማን ነው?» ቅጹ ያስጠይቃል።
«ማን ማንን ያዘና! እኛ እንሞታለን፣ እሱ ይጠብቃል።»

ሁለት መቶ ስድስት ገጽ። አንድ ባንድ ገለጥኩት።
ወረቀቱ ስስ ነው፤ ትንፋሼን ዋጥኩት።
«አውልቀው ጓንቱን፤ ጨርቅ ምን ያውቃል ወረቀት?
ጣት ነው የሚሰማ፣ ሊቀደድ ሲል ድንገት።»
አወለቅሁ። እውነትም። ገጹ ይናገራል፦
እዚህ ጋ ለስልሷል፣ እዚያ ጋ ሻክሯል፣
ብዙ የተነበበው በጣት ብዛት ሳስቷል።
ገጽ አርባ አንድ ጥግ ላይ ጣቴን ጎድጎድ አለው፣
ብዥ ያለ ግራጫ፣ መልክ የሌለው።
«ጉዳት፦ እድፍ» ብዬ ቅጹን ሞላሁና
ቀጣዩን ገለጥኩት፣ መሽቶብኛልና።

*

ደሴ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ይልሳል፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ እንደ ታማሚ ካልጋው ይነሳል።
ምስሎቹን አስገባሁ፤ ማሽኑ አነበበ፣
«ቋንቋ፦ አረብኛ» ብሎ መዘገበ።
ፊደሉስ እውነት ነው፣ ከቀኝ ነው መስመሩ፤
ጆሮ የለውም እንጂ ቃሎቹ ሲጠሩ።
ጮክ ብለህ ስትለው አማርኛ ነው፣ የኛ፣
ጀለቢያ የለበሰ የወሎ አማርኛ።
በእጄ አረምኩለት። ማሽን አያኮርፍም፤
እኔም ብዙ ስቼ አውቃለሁ፣ አልዘልፍም።

ከዚያ፣ ለወጉ ያህል፣
ዓይን በማያየው ብርሃን ያነሳሁትን ምስል
ከፈትኩ፣ አርባ አንዱን።
እድፍ ያልኩት ቦታ ፊደል አበቀለ፤
ኑን፣ ዋው፣ ራ፣ ያ። ቢያጥቡት ያልለቀቀ። አለ።
«ኑርዬ የጻፈው።»
ከወንበሬ ዘለልኩ። ለአለቃዬ ደወልኩ።
«ግኝት ነው» አለኝ። እኔም ግኝት አልኩ።

*

በሳምንቱ ምስሉን በታብሌት ይዤ
ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ በደስታ ናውዤ።
እመት ጦይባ አዩት። ጣታቸው ተነሳ፣
መስተዋቱን ዳሰሰ፣ ያንን ሻካራ አጣ፣
እንደገና ዳሰሰ።
ከዚያ እጃቸው ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አሉ። «በእርጥብ ጨርቅ፤
አልለቅ ሲለኝ ደግሞ በምላጭ ስፍቅ፣ ስፍቅ።
ወንድሜ ነው። ደርግ ነው። ጽፏል ብለው ይዘው
ቤት ለቤት ሲፈትሹ እጁን በስሙ ሊያውቁት ነው።
ገጹን ልቅደድ አልኩና ቃሉ አሳዘነኝ፤
ስሙን ብቻ ወሰድኩ። እሱም አልቀረልኝ።»

የምለው ጠፋኝ። «ካሉ ላጥፋው» አልኩኝ፣
«አንድ ቁልፍ ነው።» (እንዲህ ማለቴ እስካሁን ያፍረኛል።)
ሌጦውን ሳብ አድርገው ማሰሪያውን ፈቱ፣
ገጹን ሳይቆጥሩ፣ በጣት ብቻ ሄደው፣ አርባ አንድን አመጡ።
«ያኔ የሚፈልገው ብዙ ነበር» አሉ።
«አሁን የሚፈልገው የለም።
ጻፈው።»

*

ደሴ። ሌሊት። «እድፍ» የሚለውን ሰረዝኩት።
በምን እንደምተካው ግን ቅጹን ብጠይቅም አላገኘሁት፤
«በእህት እጅ የታጠበ» የሚል ምርጫ የለውም።
በባዶው ኅዳግ ላይ ጻፍኩት። ማሽኑ ይዝለለው፣ ግድ የለኝም።

አናት ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ባዶ ሳጥን አለ፤
አጠገቡ አንድ ቃል፣ ትእዛዝ ይመስል፦
«ፈልግ።»

ኑርዬ፣ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ውጤት።