አስራ ሁለት ቀን በሞላሰስ

ብሎኖቹን መጀመሪያ፤ እነሱ ቀላል ናቸው፤
በማርጋሪን ቆርቆሮ፣ በአቼቶና በጭብጥ ጨው
ለአንድ ሌሊት አስተኛኋቸው።
ጠዋት ውሃው ሻይ መስሏል፤ አረፋ ከቧቸዋል፤
ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ሲነኳቸው ልጣጩ ይወርዳል።
አቼቶ ግን ሆዳም ነው፤ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይጀምራል፤
በሶዳ ውሃ ካልለቀለቁት እንግድነቱን ይረሳል።
አደረቅኋቸው፤ ዘይት ቀባሁ፤ ጋዜጣ ላይ ደረደርኩ፤
ሃያ ሦስት ብሎን፣ ስምንት ዳዶ። አንድ ጎደለኝ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።

ሞርሳው ግን ሌላ ነው፤
የማርጋሪን ቆርቆሮ አይችለው።
ሁለት ሰው የሚሸከመው፣
በገንደ ሀራው ጓሯችን፣ ከዶሮው ቤት አጠገብ፣
አባዬ ካረፈ ወዲህ ስድስት ክረምት የደበደበው፤
መንጋጋው ተነካክሶ፣ እጀታው አልዞር ብሎ፤
"ለቁራሌው እንስጠው" አለ ወንድሜ፣ "በኪሎ።"
እሺ ልል ትንሽ ሲቀረኝ፣
የተጣመመ የብስክሌቴን ፔዳል ያቀናበት ቀን ትዝ አለኝ።

ወንጂ ፋብሪካ የምትሠራው ሂንሴኔ ናት ብልሃቱን የነገረችኝ፤
"አሲድ አትግዢ፤ እጅሽን ይበላል። ሞላሰስ ላምጣልሽ" አለችኝ፤
"ለከብት የሚሰጠው፣ የስኳሩ አተላ፤
አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ፤ ከዚያ ከትዕግስት በቀር የለውም መላ።"

ጣፋጭ ነገር ዝገት ያወርዳል ብሎ ማን ይገምታል?
ሰው የሚያውቀው ጣፋጭ ጥርስ እንደሚበላ ነው።
የኛን ሰዎች ጥርስ ግን የበላው ውሃው ነው፤
አባዬን ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚያስሸፍነው
ልጅ ሆኖ ከጠጣው ከወንጂ ጉድጓድ የቀረ ቡናማ መስመር ነው።
በሎሚ ሞከረው፣ በከሰል ፈተገው፣
አልለቅም አለው።
አንዳንዱ ዝገት አይደለም፤ መልክ ነው።

በግማሽ በርሜል አጋደምነው።
በሦስተኛው ቀን ጠላ ጠላ ሸተተ፤
በአምስተኛው የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ እኛ ጓሮ ከተተ፤
በሰባተኛው "ምን ሞቶባችሁ ነው?" አለ የጎረቤት ልጅ በአጥር፤
የአዳማ ንፋስ ደግሞ የቤት ገመና አይቋጥር።
በየማታው ክዳኑን ከፍቼ ክንዴን እስከ ክርን እሰዳለሁ፤
እንደ ላም አዋላጅ፣ ሳላይ፣ በጣቴ እዳብሳለሁ፤
ትናንት ሻካራ የነበረው ዛሬ ለስልሶ አገኛለሁ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን አወጣነው፤ በጎማ ውሃ ለቀቅንበት።
ጥቁር ዝቃጭ ወረደ፤ ግራጫ ብረት ቀረበት።
እና ከጎኑ፣ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ከሚዞረው፣
ሁለት ፊደል፣ በሹል ብረት ነጥብ በነጥብ የተመታ፦
ጉ. በ.

የአባቴ ስም ወልደሰንበት ነው።
ከመንገዱ ማዶ የጋሪ ጎማ የሚጠግነው
ጉተማ በዳዳ ነው።

"ሞርሳዬን መልስ" ሲል የኖረ፤ "የምን ሞርሳ?" ሲባል የኖረ፤
እኔን ልጅቷን "አባዬ የለም በያቸው" ሲያስብለኝ የነበረ።
ለአባዬ ለቅሶ መጥቶ
ከድንኳኑ ደጅ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ሳይቀመጥ ተመለሰ።
ተውሶ ረስቶ ይሆን? ገዝቶት ይሆን? ክዶ ይሆን?
ለዚህ የሚሆን አቼቶ የለኝም።

ወንድሜ ሞረድ አቀበለኝ፤ "ሁለት ፊደል ናት፤ ፋቂያት" አለኝ።
የታጠበ ብረት ጊዜ አይሰጥም፤ ምሳ ሳይደርስ መልሶ ይቀላል፤
ዘይት ወይ ሞረድ፣ አንዱን ቶሎ ማንሳት ይገባል።

ዘይት ቀባሁት።

በጋሪ አሻገርነው፤ መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም።
ኦቦ ጉተማ ፊደሉን አላየም።
እጀታውን ያዘ፤ አዞረ፤
መንጋጋው ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ ደግሞ ገጠመ።
"ምን አድርገሽው ነው?"
"ስኳር አበላሁት።"
ሳቀ፤
መዳፉ ወደ አፉ ሲነሳ ዘገየ፤
ያው ቡናማ መስመር፣
ያው ጉድጓድ።