ባባያ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ጣሪያው ጣ ጣ እያለ፣
ሰባ ልጅ ባንድ ክፍል ላቡን እየጣለ፣
ቲቸር ረምላ ገባች፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣
በአንዱ እጇ ዘንቢል፤ አልያዘችም ዱላ።

ከዘንቢሏ ወጣ ማንጎ፣ ከማንጎው ሎሚ፣
ከሎሚው ፓፓያ፤ እኛ ምራቅ ዋጭ፣ ሰሚ።
«በእንግሊዝኛ ስሙን የጠራ ይበላል»
አለችን። ዝም አልን። ከየት ይታወቃል!
«ይሄ ማን ይባላል?» «...ማንጎ።» «ይሄስ?» «ፓፓያ።»
ሳቀች። «ለካ ታውቃላችሁ! ምን ያስፈራል ታዲያ!»
ሎሚም ሩቅ አልነበረች፤ ጭራዋን ቀጥለን
‹ለመን› አልናት፣ በላን፣ ዓይናችንን ጨፍነን።

ፈትሂ ተነሣ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፤
በናቱ አፍ ‹ፐ› የለም፣ ‹በ› ናት የምትታይ።
«ባባያ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤
እሱ አንገቱን ደፋ እንዳለበት ዕዳ።
ረምላ ቢላ አውጥታ ትልቁን ሸረፈች፤
«ፍሬው ሰምቶታል» ብላ በእጁ ላይ አሳረፈች።

ሙቀት የበዛ ቀን ክፍሉን ጥለን ወጣን፤
ደቻቱ ደርቆ ነበር፣ አሸዋውን ሰጠን።
‹ሪቨር› ብለን ጻፍን ውኃ በሌለበት፤
ፍየል መጣችና ግማሹን ሄደችበት።
«ግማሽ ወንዝም ወንዝ ነው፤ የተረፈውን አንብቡት!»

ደግሞ የመንካት ጨዋታ ነበረን፣ ያለ ብልጫ፦
«ኒ!» ስትል ጉልበት፣ «ኖዝ!» ስትል አፍንጫ፤
እጅና ጆሯችን ይዘው እሽቅድምድም፣ ሩጫ።
እኔ ዝምተኛዋ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለሁ፣
ድምፄን ሳላሰማ ሁሉንም ነክቻለሁ።

*

ዛሬ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ።
አንድ ሌሊት በባጃጅ አመጡ በሽተኛ፣
የሩቅ አገር በያጅ፣ የማኒላ ሰው ነው፤
እንግሊዝኛውም እንደኔው ስብርባሪ ነው።
ላብ ያጠምቀዋል። ይናገራል፣ አይገባኝ፤
እናገራለሁ፣ ቃል እንደ አሸዋ ከጄ ሾልኮ ከዳኝ።
የኮሌጁ ቃል ሁሉ፣ ባለ ካባው፣ ባለ ማዕረጉ፣
የት እንደገባ እንጃ፤ ሸሸ ወደ ጥጉ።

ያን ጊዜ እጄ፣ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ተነሣ፤
የወንዙን ጨዋታ እንዴት እንዳልረሳ!
ራሴን ነካሁ። «ሂር?» «ኖ።» ጉልበቴን። «ኖ።» ሆዴን። «ኖ።»
አፍንጫዬን ስነካ ሳቀ፣ ያ ሰው፣ በሕመም ታፍኖ።
ደረቴን ነካሁ። ዓይኑ ሞላ፤ «የስ» አለኝ።
ሐኪሙን ጠራሁት፤ ሮጦ ደረሰልኝ።

ግን ለዚህ ብቻ አይደለም።
«ቋንቋ እንጀራ ነው» ይላል፣ የወንድሜ ምክር፣
ልጁን ሲያስሸመድድ በቁጣ፣ በብር።
የኔው ግን ፍሬ ነው፣ ጉሮሮ የሚያርስ፤
ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ቃል ባገኝ፣ ቆሜ የምልስ።
ዛሬም ወንዱን ‹ሺ›፣ ሴቷን ‹ሂ› እላለሁ፤
ሐኪሞቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ።
አላፍርም። ፍሬው እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።

*

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከፊራ ገበያ፣
አንዲት አሮጊት አየሁ፣ ስትመርጥ ፓፓያ፤
ጃንጥላው ያው ነበር፣ እጀታው ተሰብሮ፤
ልቤ ሰባት ዓመቱ ሆነ፣ ከደረቴ በሮ።
ቀረብ ብዬ ከጆሮዋ ሥር «ባባያ» አልኳት።
ቀና አለች፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት።
«ፈትሂ!» አለች። ቀጥላም፣ ድምፄን ስትለየው፣
«እህቱ ነሽ እንዴ? ያ ልጅ የት ነው ያለው?»

ስሜን ልነግራት ስል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን፣
ያቺን ዝምተኛ ልጅ፣ የማትታወሰውን፣
ተውኩት። የተሳሳተው ትዝ ካላት ይበቃል።
አሁን የት እንዳለ ደግሞ ማን ያውቃል?

«የስ፣ ቲቸር» አልኩና ዘንቢሏን ተቀበልኩ፤
እስከ ባጃጁ ድረስ
ግማሼ ከፀሐይ፣ ግማሼ ከጥላዋ ሄድኩ።