መልሱን ያዢው

ሐይቅ ዳር ካለው አሳ ቤት፣ ከዳር ባለው ጠረጴዛ፣
ተቀምጬ አሰላለሁ፤ የጉርሻ ነገር ዋዛ
መስሎኝ አያውቅም ለእኔ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመኔ የበላው ጣቴ
ሳይደምር አይዘረጋም፤ ይህ ነው እንግዲህ ሀብቴ።

አሳ ጥብስ ሦስት መቶ ሃያ፤ ለስላሳ አርባ አምስት።
ሲደመር፣ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት።
ደሴ ያለው አማቼ ነው "ከመቶ አስር ነው" ያለኝ፣
"ከዚያ በታች ያስንቃል፤ ከዚያ በላይ ያስጠረጥራል" ሲል የመከረኝ።

እኛ ቤት ጉርሻ ማለት፣ በሦስት ጣት ተጠቅልሎ፣
አፍ አልከፍት ሲል እንኳ የሚገባ ነበር፣ "በሞቴ" ተብሎ።
ከመቶ ስንት ነው ያለ ጎራሽም አጉራሽም አላየሁ፤
ቃሉ ከአፍ ወደ ኪስ ሲዞር ግን፣ እኔም እስክሪብቶ መዘዝሁ።

ሠላሳ ስድስት ብር ከሃምሳ። በደረሰኙ ጀርባ ጻፍሁት።
ቀጥሎ መቀነስ መጣ፤ መቀነስ ነው የለመድሁት፦
አሳው ግማሽ ሰዓት ዘገየ፤ ሲቀነስ አስር።
ሎሚ ረስታለች፤ ሲቀነስ አምስት ብር።
ሃያ አንድ ከሃምሳ። ሃምሳ ሳንቲምን ዛሬ ማን ያውቃታል?
አንድ ብሯም ብቻዋን ናት፤ ብቸኛን ማን ይቆጥራታል?
ሁለት አስር አስቀመጥሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣
ሁለት ያፋቅራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይበቃል።

ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ዳገቱን ግማሽ እንደወጣሁ፣
ኪሴን ስዳብስ ደነገጥሁ፤ ደረሰኙን ትቼው መጣሁ።
ከነቅናሹ። ከነሎሚው። ቁልጭ ካለ የእጅ ጽሑፌ።
ምነው ነፋስ በወሰደው፣ በጨው ዕቃ ባልጫንሁት ደግፌ!

ሳምንት በሌላ መንገድ ዞርሁ፤ ሆድ ግን ይሉኝታ የለው፣
በስምንተኛው ቀን ያው ወንበር ላይ ቁጭ ያልሁ አንገቴን ደፍቼ ነው።
"ቲቸር ይመር!" የሚል ድምፅ። ጦይባ እንድሪስ ናት፣
ሦስተኛ ለ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ጥያቄ የማያልቅባት።
ያን ዕለትም እሷው ነበረች። እኔ ደረሰኝ ሳይ ቆየሁና፣
ከደረሰኙ በላይ ያለውን ፊት አላየሁም፤ አላልሁምና ቀና።

አሳው ቶሎ መጣ፤ ሎሚውም፣ አንድ አይደለም፣ አራት።
ሒሳብ አልኋት። ደረሰኙ ተገልብጦ መጣ፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለበት፣
በቀይ እስክሪብቶ፦

"ደሞዝ አንድ ሺህ አምስት መቶ፤ ይህ ነው ከመስመሩ በላይ።
ከታች፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ የአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ፤
ባጃጅ ሁለት መቶ፤ ከእጄ ያመለጠ ብርጭቆ
ሁለት መቶ አርባ (ይቆረጣል፣ ይመዘገባል ተጠንቅቆ)።
ይጎድላል፣ አንድ መቶ አርባ። ሦስተኛ ለ ሳለን፣
'ከላይ ያለው ካነሰ ከጎረቤቱ ይበደራል' ነበር ያሉን።
ጎረቤቱ ማን ይሆን? ይህን አልነገሩንም።
የእርስዎን ደግሞ አረምሁት፤ ቅናሹ ላይ አልተሳሳቱም።
ግን ከአስር ስድስት ነው። 'ሥራውን ያላሳየ ተማሪ
ሙሉ አያገኝም' ይሉ ነበር፤ ሥራውን ያላየስ አስተማሪ?"

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሳ አጥንት ቆመ።
ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ መረቡን ሊጥል አዘገመ።
ዛሬ ውሃ ነው የጠጣሁት፤ ሦስት መቶ ስድሳ።
አምስት መቶ ቆጥሬ አስቀመጥሁ፣ ሌላ ነገር ሳላወሳ።
ትሪዋን በክንዷ ደግፋ ስታልፍ ጠራኋት፣
"መልሱን ያዢው" አልኋት።

ብሩን አየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትቀንሳለች።
"አብሽሩ ቲቸር፣ የዚህን ወር መልስ ያዝሁ" አለች፣
"የሚመጣውስ ወር?"
ሰሌዳ እንደሚያጠፋ ሰው ጠረጴዛውን ወለወለች፤
ሌላ እንግዳ ተቀመጠበት።