የብርጭቆ እትብት

አምጣው እስቲ፣ ራዲም፣ ከካልሲው አውጣና
እዚህ ጨርቁ ላይ አኑረው፣ በቀስታ፣ በደኅና።
ዋጋ አትጠይቀኝ ገና ሳትቀመጥ፤
እንግዳን ማን ይጠይቃል፣ ገና ደጅ ሲረግጥ?
የኖቪ ቦር አውቶቡስ፣ በዚህ በረዶ ላይ፣
እንኳንስ ዛሬና በበጋም አይታይ።

መጀመሪያ ዓይን አይደለም፣ መጀመሪያ እጅ ነው፤
ዓይንን ቀለም ያሞኛል፤ መዳፍ ክብደት ነው የሚያምነው።
ይኸው፣ ታቹ ከበድ፣ ከንፈሩ ሳሳ ያለ፤
ማሽን እንዲህ መሳሳት የት አባቱ ቻለ!
በጥፍርህ ዳብሰው፣ ከአንገት እስከ ወገብ፤
በብረት ቅርጽ ቢሠራ፣ ስፌቱ እንደ ፊደል ነበር የሚነበብ።

አሁን ገልብጠው። ፍራ እንጂ! አፉን ደግፈህ፣
እንዲህ፣ እንደ ሕፃን፣ ጭንቅላቱን አቅፈህ።
እምብርቱን አየኸው? ሸካራ፣ ክብ ጠባሳ፤
የብረት ዘንግ ይዞት ከእቶን ሲነሣ
እዚህች ላይ ነው የተቆረጠው፤ እትብቱ ናት፣ ልጄ፤
ስንቷን እንዲህ ያለች ዳብሷል ይህ ደረቅ እጄ!
በእጅ የተነፋ ሁሉ ሲወለድ ትንሽ ይሰበራል፤
ምንም ያልተሰበረው ግን፣ እሱ ያጠራጥራል።

በማጉያው እየው ታቹን፤ ጭረቱ የትም ይረግጣል፣
አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ መሀል ይቆርጣል፤
መደርደሪያ ያስረጀው እንዲህ ነው። በአሸዋ ወረቀት
የሸመገለ ግን ይሰለፋል፣ እንደ ወታደር በበዓል ዕለት።

መጋረጃውን ሳበው፤ ሐምራዊውን መብራት ላብራ፤
ዩራኒየም ቢኖርበት፣ እንደ ድመት ዓይን ባበራ።
አላበራም። ቅር አይበልህ፤
ሰውም ቢሆን በጨለማ ሁሉም አያበራ።

አሁን ወደ ፊርማው። እውነት ተናገር፣ አንተስ የመጣኸው
በዚሁ ፊርማ አይደል? መኪናውን በሐሳብ ገዝተህ የነዳኸው?
ትልቅ ቤት ነው ስሙ፤ እኔም አልክደውም፤
ግን አስተውል፦ ጭረት ፊርማውን አይቆርጠውም፤
ፊርማው ነው ጭረቱን ቆርጦት ያለፈው።
ካረጀ በኋላ ነው ክርስትና የተነሣው፤
ክርስትና አባቱም የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነው!
አትሳቅ። የሰው ስም ለጥፈውበት
የራሱን ዋጋ ግማሹን በሉበት።

ቆይ።
መብራቱን ወደዚህ።
ነጩን ክር እየው፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን።
በዚህ ሸለቆ የነፋ ሁሉ
ቧንቧውን ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው፤ ክሩም ይከተላል።
ይህ ወደ ግራ ነው።

ኦትማር ክራይቢኽ ግራኝ ነበር።
ፈረቃው ሲያልቅ፣ ማሰሮው ታች የቀረውን ትራፊ
ይለቅምና ለራሱ ይነፋ ነበር።
ፋብሪካው አያውቃቸው፣ ካታሎግ አልጻፋቸው፣ ፊርማ የላቸው።
በማግሥቱ ከማቀዝቀዣው እቶን አውጥቶ
በኮቱ ሥር ይዞ ይወጣል፤
ለአንዲት ሴት ይሰጣል።
ለአንዲት።
እኔ ቤት፣ መስኮቱ ላይ፣ አለ አንዱ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ
አቻ የሌለው መስሎኝ አቧራውን ጠረግሁለት።

ክሩ ሥር ያለችውን አረፋ አየሃት? የሰሊጥ ፍሬ የምታህለውን?
ትንፋሹ ናት ይላሉ ነጋዴዎች፤ ገዢ ይወዳል።
ውሸት ነው፤ የቀለጠ አሸዋ ግሣት ናት።
ትንፋሹ ባዶው ነው፣
አበባ የምታስገባበት።

እሺ፣ ጻፍ፦ ሁለት ሺህ ኮሩና።
ፊርማው ባይነካው አምስት ይሆን ነበር።
ለጨረታ ካልሰጠኸው፣ እኔ እገዛዋለሁ፤
አይ፣ ተወው።
ሁለት ምን ያደርግልኛል?

የአክስትህን ስም ብቻ ንገረኝ።
ለመዝገቡ ነው።