ፎቶ ማጠብ

ሽምብጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለው
ከእትዬ አንጓች ግቢ አንዷ ጓዳ የኔ ነው።
መስኮቷን በላስቲክ፣ ቀዳዳዋን በጥጥ፤
ቀን ማዘጋጃ ቤት ማህተም ሳነሳ ሳስቀምጥ
ውዬ እገባና፣ ከበሩ ሥር ወትፌ ያረጀ ብርድ ልብስ፣
ጨለማዬን አሰናዳለሁ እንደ ድግስ።

ማጉያው የጋሽ ደምለው ነበር።
ፎቶ ቤታቸው ሲዘጋ፣ ለቁራሌው ሊሰጡት ሲሉ ደረስኩ፤
በኪሎ ገዛሁት፣ ከአሮጌ ብረት እኩል ተመዝኖ።
"አይሠራም" አሉኝ፣ ሌንሱን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ፤
ጥቂት ዝም አሉና፣
"እንዳትጥለው" አሉ።

አምፖሌ ቀይ ናት። ሰፈሩ ሌላ ተረጎማት፤
ቅዳሜ ማታ አንድ ሞቅ ያለው በሯን ደበደባት።
"ቢራ አለ?"
"ያለው ውሃ ነው።"
"ውሃማ ጣናም ሞልቷል!" ብሎኝ ሄደ፣ እየተሳደበ።

እትዬ አንጓችም አላስቻላቸው፦
"ሌሊት ሌሊት የምታጥበው ምንድነው? ልብስህ እንደሁ አይነጣ!"
"ፎቶ ነው የማጥበው።"
"ፎቶ ምን እድፍ ኖሮት? ወይ ጣጣ!"

የእንድሪስ ፎቶ ነው።
ሐይቁ ዳር ደንገል ሲያስር፣ ጉልበቱን ነዶው ላይ ተክሎ።
"ታንኳዋን ስጨርስ ታነሳኛለህ" ብሎ
ቀና ሳይል፣
እኔ ግን ሳልጠብቀው አነሳሁት።
ፊልሙን ወደ ብርሃን ባቀናው ሁሉም ተገልብጧል፦
ቀትሩ ሌሊት፣
ፔሊካኗ ቁራ፣ ጥርሱ ከሰል፣ ፊቱ ወተት፣
ሐይቁ የቀለም ብልቃጥ እንደተደፋበት።

ሰዓት የለኝም። ብርሃኑን የምለካው
በአንድ "አባታችን ሆይ" ነው፤
ከተጣደፍኩ ይገረጣል፣
መሀል ላይ ሐሳቤ ከሄደ ይጠቁራል።
ያን ማታ ሐሳቤ አልሄደም። ወረቀቷን ነከርኳት፣
ሳህኑን በጣቴ ጫፍ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።
መጀመሪያ ጥላው መጣ፤
ሰውዬው ዘግይቶ፣ ጥላውን ተከትሎ ወጣ።

ከዚያ ውሃ ሄደ።
ቧንቧው አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ተነፈሰ፣ በቃ።
ኬሚካሉ በወጉ ካልለቀቀ
ዓመት ሳይሞላ ፊት ይበላል፣ ወረቀት ያበልዛል፤
በባልዲ ይዤው ወጣሁ። "ዓሣ ነው?" አለኝ ባለባጃጁ።
"አዎ" አልኩት፤
ሌላውን በዚህ ሌሊት ማን ያስረዳዋል።

ጣናም ጨለማ ክፍል ነው፣ ከኔው ጓዳ ቢሰፋ።
ከወዲያ ጉማሬ ያጉረመርማል።
ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀለቅሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣
ሦስተኛው ላይ እንድሪስ ከጣቶቼ ሙልጭ አለ።
ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀዘፈ፤
ወደ ዓባይ አፍ በኩል፣ ቀስ እያለ አለፈ።
ይኸው፣ ያነሳሁትን ጣልኩ አልኩና
ባዶ ባልዲዬን አቅፌ በእግሬ ተመለስኩ፣
ጫማዬ በየእርምጃው ውሃ እየተፋ።

በአራተኛው ቀን እንድሪስ ራሱ መጣ፤
ከቆቡ ሥር የተጣጠፈ ነገር አወጣ።
ደንገሉ መሀል ተሰክቶ አግኝቶታል።
ፊቱ ተልጧል። ሰማዩ የለም። ፔሊካኗ በርራለች።
የቀሩት እጆቹ ናቸው፣ ገመዱን እንደሳቡ።
"ፊቴን ቀረሶ በላው" አለኝ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ እየሳቀ።

"ሌላ ልሥራልህ" አልኩት፣ "ፊልሙ አለ፤
ፊትህም አለ፣ ጥርስህም አለ፤
ውሃ ስትመጣ፣ ዛሬ ማታ..."

ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ እጆቹን በእጆቹ ይዞ አያቸው፤
መልሶ ቆቡ ሥር ከተታቸው።
"ያንተ ገና ነው" አለኝ።
"በደንብ የታጠበው ይኼ ነው።"